ሰምቶ መናቅ

ሰው ከሰው የሚቀበለው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ከገበሬ እህል፣ ከሸማኔ ልብስ፣ ከሐኪም መድኃኒት፣ ከመምህር ዕውቀት ይቀበላል፤ ለተቀበለውም ዋጋውን ባንድ መንገድ ወይም በሌላ ይከፍላል። ከሙዚቀኛ የምንቀበለው ደስታ ግን በሚዛን የማይመዘን፣ በክንድም የማይለካ ስለ ሆነ፣ ዕዳችንን ከፍለን እንደ ሆነና እንዳልሆነ ማወቅ ያስቸግራል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም በጨዋታው የተደሰትንበትን ሰው ልንንቀው ይገባናልን? ገንዘብ ከሰጠነው በኋላስ ክብር የመስጠት ግዴታ ይቀርልናልን? የሚል ነው።

ጥያቄው የመጣልኝ ከመጽሐፍ አይደለም። በ2016 ዓ. ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ በሚዛን ተፈሪ ከተማ ከአንድ ወዳጄ ጋር ካሳለፍሁት ምሽት የተነሣ ነው። በዚያ ምሽት የሠራሁት ጥፋት ትንሽ ይመስላል፤ ሳቅሁ እንጂ ሌላ ምንም አላደረግሁም። ነገር ግን ያ ሳቅ እስካሁን ድረስ ስለሚከነክነኝ፣ ለእናንተ ለወጣቶች ትምህርት ቢሆን ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ።

ወዳጄ እንደ እኔ በመምህርነት ያረጀ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በቴፒ አጠገብ ባለችው ጥቂት መሬቱ ላይ ቡና እየለቀመ ይኖራል። በዚያን ሰሞን እሸት ቡናውን ሸጦ፣ ጉዳይ ለመፈጸም ወደ ሚዛን መጣና፣ «ዛሬስ ቤትህ ተቀምጠህ ሬዲዮ አትሰማም፤ ከጎንደር አገር የመጣ ጥሩ መሰንቆ መቺ አለ ይላሉና ተነሥ እንሂድ» አለኝ። እኔ ወደ ጠጅ ቤት መሄድ ያልለመድሁ ሰው ነኝ። ያደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ቦታ ከሩቅ እንድንሸሸው አስተምሮን ነበርና። ሆኖም የወዳጄን ቃል መመለስ ከበደኝ፤ ዝናቡም ካባራ በኋላ ባጃጅ ይዘን ወረድን።

የቡና ወራት በዚህ አገር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከሚዛን ወደ በበቃና ወደ ቴፒ የሚሄድ ሰው በየመንገዱ ዳር ቡናን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያያል። ቡናው ሲቀላ ለቃሚው ከየአገሩ ይመጣል፤ ነጋዴው ይመጣል፤ የመኪና ነጂው ይመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠረው እጅ ሁሉ ብር ይይዛል። ንብ አበባ ወዳለበት እንደምትሄድ፣ አዝማሪም መሰንቆውን በትከሻው አንግቶ ቡና ወደ ቀላበት ይወርዳል።

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ጠጁ ከጫካ ማር የተጣለ ነው እያሉ ያመሰግኑታል፤ ለእኔ ግን ብርዝ ቀረበልኝ። አዝማሪው ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆን፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ነበረ። መሰንቆውን ሲቃኝ አየሁት። መሰንቆን የሠራው ሰው ብዙ ነገር አላስፈለገውም፤ ቆዳ የተወጠረበት ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን፣ አንድ ረጅም እጀታ፣ አንድ ደጋንና ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት አውታር፤ ይኸው ነው። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ክራርም አምስት ወይም ስድስት አለው፤ መሰንቆ ግን በአንዲቱ ብቻ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ሁሉ ይናገራል። ብዙ ያለው ሰው ምክንያት ሲያበዛ በሰማሁ ጊዜ ይህች አንዲት አውታር ትታሰበኛለች።

ትዝታን በጀመረ ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። አማርኛ በቅጡ የማይሰማ አንድ የቤንች ሽማግሌ ከጥግ ተቀምጦ ዐይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እኔም ከሞተች ዐርባ ዓመት ያለፋት እናቴ ትዝ አለችኝና፣ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስሁ። ባንድ ሰዓት ውስጥ ያ እንግዳ ሰው ለብዙ ዓመታት ያልተከፈተ በር ከፈተልኝ ማለት ነው።

ቀጥሎ የጨዋታው ጊዜ ደረሰ። ልማዱን ታውቁታላችሁ፤ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ደግሞ ያንኑ በዜማ መልሶ ይለዋል። አንዱ ወዳጁን አስወደሰ፤ ሌላው የከዳችውን ልጅ አስወቀሰ። በኋላ አንድ ቡና ሸጦ ኪሱ የሞላ ጐልማሳ ተነሥቶ፣ አንድ ድፍን ባለ ሁለት መቶ ብር ከፍ አድርጎ አሳየና «ተቀበል!» አለ። የሰጠውም ግጥም ስለ ራሱ ስለ አዝማሪው ነበረ። ዘሩን ለማኝ አለው፤ እናቱንም በዚህ ጽሑፍ ልደግመው በማልወደው ቃል ሰደበ። የመሰንቆው ደጋን አንድ ጊዜ ቆመ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ከዚያ በኋላ አዝማሪው ፈገግ ብሎ የገዛ እናቱን ስድብ በገዛ አፉ፣ በሚያምር ዜማ፣ ቃል በቃል አዜመው። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ።

ወዳጄ አልሳቀም። አዝማሪው ዙሩን ጨርሶ በእኛ በኩል ሲያልፍ ተነሥቶ ወንበር ሳበለትና፣ «ና ተቀመጥ ወንድሜ፤ እራት አብረን እንብላ» አለው። ሰውየው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። በኋላ በወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ተነሥ እንደሚባል ሰው ሆኖ ተቀመጠ። ስሙንና አገሩን ጠየቅነው፤ ነገረን። እጁን ታጥቦ ከቆረሰ በኋላ ወዳጄ ቀስ ብሎ፣ «ያን ስድብ ለምን ተቀበልኸው?» አለው። አዝማሪውም፣ «ጋሼ፣ ሥራ ነው። እምቢ ያልሁ እንደ ሆነ ነገ ማን ይጠራኛል? ነገር ግን እናቴ ባለችበት አገር ቢሆን ኖሮ አልቀበለውም ነበር» ብሎ መለሰ። ከዚህ በኋላ ስለዚያ ነገር አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ስለ ነበረ በዝግታ እንራመድ ነበር። ወዳጄ ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «ስትስቅ አየሁህ» አለኝ። «አዎን፣ ሳቅሁ» አልሁ። «ዕድሜህን ሙሉ ልጆች እንዳይሰዳደቡ ስታስተምር ኖረህ፣ ለስድብ ዜማ ሲጨመርበት ስድብ መሆኑ ይቀራል መሰለህን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊትም እንቅልፍ ሳይወስደኝ ብዙ ቆየሁ፤ ያሰብሁት ግን አዝማሪውን ብቻ አልነበረም፤ አንድ ልጅንም ነበር እንጂ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ የቤንች ልጅ፣ ከሸምበቆ ራሱ ቀርጾ የሠራው ዋሽንት ነበረው። በዕረፍት ሰዓት ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲነፋ ልጆች ይከቡት ነበር። እኔም በመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር ዜማው ደስ አለኝ፤ ብዙ ደቂቃም ቆሜ አደመጥሁ። ከዚያ በኋላ ወጣሁና ዋሽንቱን ከእጁ ወስጄ፣ በጓደኞቹ ፊት በጉልበቴ ሰበርሁት፤ «ትምህርት ቤት የእረኛ ሜዳ አይደለም» አልሁትም። እኔ በልጅነቴ ሙዚቃ ማለት ሐርሞኒየም ነው፣ የአገር ቤቱ ግን ጫጫታ ነው ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነበርሁ፤ ይህ ግን ምክንያት አይሆንልኝም፤ ጆሮዬ እውነቱን ነግሮኝ ነበርና። ልጁ አላለቀሰም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ጥያቄያችንን እንመልከት። አንዳንድ ሰው፣ «አዝማሪው ዋጋውን ተቀብሏል፤ ወዶና ፈቅዶ የሠራው ሥራ ነውና ማንም አልበደለውም» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር የእውነት መልክ አለው፤ እውነት ግን አይደለም። ገንዘብ የሚገዛው ሥራን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። ሸክላ ሠሪ እንስራዋን ስትሸጥልኝ ፊቷን እንድመታ አልሸጠችልኝም። ደግሞም የተራበ ሰው እሺ ያለው ነገር ሁሉ ፈቃዱ አይባልም፤ «እናቴ ባለችበት አገር ቢሆን አልቀበለውም ነበር» ያለው ቃል ፈቃዱ የት እንደ ነበረ ያስረዳል። ሁለት መቶው ብር የዜማው ዋጋ ነበረ ብንል፣ የእናቱ ዋጋ ስንት ነው?

ሌላው ሰው ደግሞ፣ «አዝማሪ ለከፈለው ሁሉ የሚያወድስ ሐሰተኛ ነው፤ እንዴት ይከበራል?» ይላል። አዎን፣ ብዙ ውዳሴ ለብር ሲባል ይወጣል። ነገር ግን ውዳሴውን የሚገዛው ማን ነው? እኛ ለእውነት ሳንከፍል ለውዳሴ እየከፈልን፣ ውዳሴ ብቻ ይሸጣል ብለን ሻጩን መውቀሳችን ፍርድ ማጓደል ነው። ደግሞም ሁልጊዜ አያወድስም፤ ሌላው ሰው በግልጥ ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር አዝማሪ በሰምና ወርቅ ሸፍኖ በጌታው ፊት ሲናገር የኖረ መሆኑን ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቁታል።

የዚህንም ሙያ ኃይል ከእኛ ይልቅ ጠላት አውቆታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ኢጣልያኖች ሕዝቡን በፈጁበት ሰሞን ከተማና ገጠር እየዞሩ የሚዘፍኑና የሚተርኩ ሰዎች ከጠንቋዮች ጋር ተይዘው እንዲገደሉ ታዝዞ ነበር። የሚያወሩት ወሬና የሚያዜሙት ግጥም የሕዝቡን ልብ ያነሣሣል ተብለው ነበርና። መሣሪያቸው መሰንቆ ብቻ የነበረ ሰዎች እንደ ዐርበኛ ተቈጠሩ። እኛ ልጆቻቸው ግን ሰውን ለመስደብ የፈለግን እንደ ሆነ «አዝማሪ» እንላለን።

ቃሉን ራሱን ተመልከቱት። አዝማሪ የሚለው ስም ከግእዙ «ዘመረ» ይወጣል፤ መዝሙርና ዝማሬ፣ ዘማሪም ከዚያው ከአንዱ ሥር የበቀሉ ናቸው። ከአንድ ሥር ከበቀሉት ቅርንጫፎች አንዱን አክብረን ሌላውን የረገጥነው እኛ ነን። ልማዳችን በአዝማሪ ላይም ብቻ አልቆመም፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን ሁሉ በሥራቸው ተጠቅመን በስማቸው ተሳድበናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት ነገሩ አገርን የሚጎዳ መሆኑን ስላዩ ነው። ዐዋጅ ግን ምላስን ይገታ እንደ ሆነ ነው እንጂ ልብን አይለውጥም፤ ልብን የሚለውጠው እያንዳንዱ ሰው በራሱ ላይ የሚያውጀው ዐዋጅ ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓ ምዕራብ ዳር ያለች አየርላንድ የምትባል ደሴት አለች፤ ሕዝቧ ኬልት ከሚባሉት የቀደሙ ነገዶች ቋንቋና ዜማ የወረሰ ነው። በዚያም በገና የሚመቱ ሰዎች ከመኳንንት ቤት ወደ መኳንንት ቤት እየዞሩ፣ ለተቀበላቸው ባለቤት ዜማ እያወጡ ይኖሩ ነበር። ከእነሱ ስመ ጥሩው በ1738 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የሞተው ኦካሮላን ነው፤ በወጣትነቱ በፈንጣጣ ዐይኑ የጠፋ ሰው ነበረ። ዘመን ሲለወጥ ግን ቤቶቹ ተዘጉባቸው፤ ጆሮም ወደ አዲሱ ሙዚቃ ዞረ። በ1792 በቤልፋስት ከተማ የቀሩት በገና መቺዎች ይሰብሰቡ ተብሎ ቢጠሩ፣ ከአየርላንድ የመጡት ዐሥር ብቻ ነበሩ። ከእነሱም ብዙዎቹ ዐይነ ሥውራን ነበሩ፤ አንዱም ዕድሜው ከዘጠና ዓመት ያለፈ ሽማግሌ ነበረ። ኤድዋርድ በንቲንግ የተባለ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ዜማቸውን በኖታ ጻፈ፤ በ1796ም የመጀመሪያውን መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ አየርላንድ በሳንቲሟ ላይ የምትቀርጸው በገናን ነው።

በዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት አለበት። የመጀመሪያው፣ አገር በገናን በሳንቲም ላይ ከመቅረጿ በፊት በገና መቺዎቿ ወደ ዐሥር እስኪወርዱ ድረስ መጠበቋ ነው፤ የሞተውን ማክበር ቀላል ነው፤ በፊታችን ተቀምጦ እራት የሚሻውን ማክበር ግን ይከብዳል። ሁለተኛው፣ ዜማውን ያዳነው ባለ ሥልጣን ወይም ባለ ጸጋ ብቻ ሳይሆን፣ ዝቅ ብሎ አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ወጣት መሆኑ ነው። የእናንተ ዕድሜ ለዚህ አያንስም።

በእኛም አገር እንዲህ ያለ መልካም ሥራ ተሠርቷል። በ1963 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፣ በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ ከየአገራቸው መጥተው ባንድ መድረክ ተቀመጡ። በኋላም ተስፋዬ ለማ የቡድኑ መሪ ሆኖ ብዙ ደከመለት። ቻርለስ ሳተን የተባለ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ ከጌታመሳይ አበበ ዘንድ መሰንቆ ተምሮ ከእነሱ ጋር በአማርኛ ይጫወት ነበር፤ በ1969ም ቡድኑ አሜሪካን አገር ዞሮ አሳየ። ፈረንጁ መሰንቆን ከባለ ሙያው እግር ሥር ተቀምጦ ለመማር አላፈረም፤ እኔ የአገሩ ልጅ ግን የልጅ ዋሽንት በጉልበቴ ሰበርሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ መሰንቆ የማይወድ ሰው ክፉ ነው አልልህም። ጠጅ ቤት ሂድም አልልህም። የማይወደውን ዜማ ትቶ የሚሄድ ሰው ማንንም አልበደለም። በደለኛው የወደደውን የሚንቅ ሰው ነው፤ በጆሮው ተቀብሎ በአፉ የሚክድ፣ ልቡ ሲነካ ዐይኑን የጨፈነ፣ ዜማው ሲያልቅ ግን አፍንጫውን የሚነፋ ሰው ነው። እኛ ለአዝማሪው «ተቀበል!» እንለዋለን፤ በእውነቱ ግን ተቀባዮቹ እኛ ነን። የተቀበለም ሰው ቢያንስ የሰጪውን ስም ሊያውቅ ይገባዋል።

ስለዚህ ማንም ሰው በሙያው ደስ ያሰኘህ እንደ ሆነ ዋጋውን ሳታጓድል ስጠው፤ በግንባሩ ላይ በመለጠፍ አይደለም፤ በእጁ እንጂ። ሲጫወት ዝም ብለህ አድምጠው፤ ማድመጥ ከብር የበለጠ ሽልማት ነውና። ሰዎች ሲያዋርዱት ባየህ ጊዜ፣ ለመከላከል ድፍረት ባይኖርህ እንኳ አትሳቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስድቡን የሰጠው አንድ ሰው ነበረ፤ ስድቡን ስድብ ያደረገው ግን የሁላችን ሳቅ ነው። ሁላችን ዝም ብንል ኖሮ ያ ባለ ብር ለብቻው ቆሞ ያፍር ነበር።

ያን ልጅ ካደገ በኋላ አግኝቼ ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። በነበረበት ቀበሌ ጠይቄ፣ ቤተ ሰቡ ለቆ መሄዱን ሰማሁ። ስለዚህ ዕዳዬ በእጄ ቀርቷል። በቀጣዩ ዓመት ቡና ሲቀላ ወዳጄን እኔ ራሴ ጠርቼው ወደዚያው ቤት ወረድን። የዓምናው አዝማሪ አልመጣም፤ በቦታው ሌላ ልጅ እግር አዝማሪ መጥቶ ነበር። ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት ተነሥቼ ሄድሁና ስሙን ጠየቅሁት።